የጃፓን አሮጌ የቀለም ብዕር ዕድሜው ከየት ይነበባል?

ባሕር ዳር ውስጥ ጡረታ የወጡ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች መሳቢያ ሲፈተሽ፣ ከፓርከሩ ጎን አንዳንድ ጊዜ የጃፓን የቀለም ብዕር ይገኛል። ፓርከሩን ሁሉም ሰው ስለሚያውቀው በክብር ይቀመጣል፤ ጃፓኑ ግን ለልጆች መጫወቻ ሲሰጥ አይቻለሁ። ይህ የሚያሳዝነኝ ብዕሩ ውድ ነው ብዬ ሳይሆን፣ ለሚያገላብጠው ሰው ዕድሜውን ራሱ የሚናገር ዕቃ በመሆኑ ነው።

በማንጠልጠያው ላይ ያለው የድርጅት ስም ብቻውን ብዙ አይረዳም። ሴይለር በ1911፣ ፓይለት በ1918፣ ፕላቲነም በ1919 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም «ዓ.ም.» ካልተባለ እንዲሁ ናቸው) ተመሥርተው ሦስቱም እስከ ዛሬ ብዕር ይሠራሉ። ፓይለት እስከ 1938 ድረስ በድርጅትነት የሚጠራው ናሚኪ በሚል ስም ቢሆንም፣ «ፓይለት» የሚለው ምልክት ከዚያ በፊትም በብዕሮቹ ላይ ይቀረጽ ስለነበር፣ ስሙን አይቶ ከ1938 ወዲህ የተሠራ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

ጎረቤቴ የሆኑ የቀድሞ የሒሳብ መምህር በቅርቡ ሁለት ብዕሮች አምጥተው «እስቲ ልጄ፣ እነዚህ የመቼ ናቸው?» አሉኝ። የመጀመሪያው ቀፎው አጭር፣ ክዳኑ ረጅም የሆነ የፓይለት የኪስ ብዕር ነው፤ ክዳኑ ከኋላ ሲሰካበት እንደማንኛውም ብዕር ሙሉ ቁመት ያገኛል። ይህ ቅርጽ በጃፓን የገነነው በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ሲሆን፣ ፓይለት ኤሊት ኤስ የተባለውን በ1968 አውጥቶ በሚቀጥለው ዓመት በቴሌቪዥን ማስታወቂያ አገር ያወቀው አድርጎታል። የወርቁን ጫፍ በማጉያ መነጽር ሳየው፣ ከ«18 ካራት» በታች በጣም በደቀቀ ጽሑፍ «ኤች 475» የሚል ተቀርጾበታል። ፊደሉ ፋብሪካውን፣ ማለትም ሂራትሱካን ያመለክታል፤ ቀጥሎ ያለው 4 ወሩ፣ 75 ደግሞ ዓመቱ ነው። አፕሪል 1975 ማለት ነው፤ በእኛ ከመጋቢት ማብቂያ እስከ ሚያዝያ 1967 ዓ.ም. ድረስ ያለው ጊዜ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ብዕሩን ተቀብለው መነጽራቸውን አውልቀው አፍጥጠው አዩት።

ይሁን እንጂ ይህ ቀን የጫፉ እንጂ የብዕሩ አይደለም። በወደቀ ብዕር ላይ ቀድሞ የሚጣመመው ጫፉ ስለሆነ፣ ቀድሞ የሚቀየረውም እሱ ነው። ስለዚህ የጫፉን ቀን የምቀበለው የቀረው አካል ሲስማማበት ብቻ ነው። በጋሼ ብዕር ላይ ቅርጹም፣ በካርትሪጅ፣ ማለትም ቀለም ተሞልቶበት በሚሸጥ ተለዋጭ ቱቦ መሞላቱም፣ የወርቁ ካራትም ከዘመኑ ጋር ገጥመዋል። ካርትሪጅን በጃፓን ያስተዋወቀው ፕላቲነም በ1957 ነው፤ የካራቱ ነገር ደግሞ በ1960ዎቹ ማብቂያና በ1970ዎቹ መግቢያ ድርጅቶቹ እየተፎካከሩ ከ18 አልፈው እስከ 22 እና 23 የደረሱበት ጊዜ ነበር። በእኔ ግምት ያ ፉክክር ለገበያ እንጂ ለጽሕፈት አልጠቀመም፤ ወርቁ በጠራ ቁጥር ይለሰልሳልና።

ሁለተኛው ብዕር ብዙ ያቆየኝ ነው። ጥቁር ጠጣር ጎማ ነው፤ ማለትም ኢቦናይት። ፀሐይና ብርሃን ኢቦናይትን ወደ ቡናማ ስለሚለውጡት፣ ክዳኑን ስፈታው ተሸፍኖ የኖረው ክፍል ጥቁር፣ የተጋለጠው ደግሞ የደረቀ ቡና ገለፈት መስሎ ታየኝ። ይህ ልዩነት ቀፎውና ክዳኑ አብረው እንደኖሩ የሚያሳይ ጥሩ ምልክት ነው። ሻጮች ግን ጥቁረቱን ለመመለስ ፈግፍገው ስለሚያሳምሩት፣ አብሮ የሚጠፋው በቀፎው ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፉ የደበዘዘ የሚያብረቀርቅ ብዕር ካየሁ አልገዛም።

የዚህ ብዕር አሞላል ጃፓኖች ከሌሎች በኋላም ያላቋረጡት ነው። ቀለም በጠብታ ማንጠባጠቢያ በቀፎው ውስጥ ይሞላል፤ በመካከሉ የሚያልፍ ዘንግ ደግሞ ጀርባ ያለው ቁልፍ ሲጠብቅ የቀለሙን መተላለፊያ ይደፍነዋል። ለመጻፍ ቁልፉን ጥቂት ማላላት ያስፈልጋል። ይህን የማያውቅ ሰው ሁለት መስመር ጽፎ ቀለሙ ሲቋረጥ «ተበላሽቷል» ይላል። ጫፉ በአንዳንድ ቦታው ዝገት የጀመረው ብረት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በጃፓን ወርቅ ለብዕር እንዳይውል ይከለከል ስለነበር የብረት ጫፍ ወደዚያ ይጠቁማል፤ ነገር ግን ርካሽ ብዕሮች ሁልጊዜም ብረት ነበራቸው፣ ስለዚህ ጫፉ ብቻውን አያስረዳም።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ግን የተሻለ ማስረጃ ይመጣል። የጃፓን የኢንዱስትሪ ደረጃ ሕግ በ1949 ስለወጣ፣ የደረጃው ምልክት ያለበት ብዕር ከዚያ ዓመት በፊት ሊሆን አይችልም። በጋሼ ኢቦናይት ላይ ምልክቱ የለም። በስጦታ የተቀረጹ ብዕሮች ላይ ደግሞ የሾዋ ዘመን፣ ማለትም በጃፓኑ ንጉሠ ነገሥት በሂሮሂቶ ንግሥና የሚቆጠር ዓመት ይገኛል፤ በዚያ ላይ 1925 መደመር ነው፣ ሾዋ 50 ማለት 1975 ይሆናል። ዓመትን ከአቆጣጠር ወደ አቆጣጠር ማሸጋገር ለለመድነው ለእኛ ይህ ሥራ አይከብድም።

አንድ ነገር ላክል፤ ጋሼ ራሳቸው ጠይቀውኛልና። በዘጌ ገዳማት ብራና የሚጻፍበት ጥላሸት ያለበት ቀለም ለመቃ ብዕር እንጂ ለእነዚህ አይሆንም፤ ጥላሸቱ በቀጭኑ መተላለፊያ ውስጥ ደርቆ ይደፍነዋል። በውሃ የሚለቀቀውን ተራ የብዕር ቀለም ይጠቀሙ፤ ሲያጥቡም ኢቦናይትን ሙቅ ውሃ ያጠይመዋልና ቀዝቃዛው ይሻላል፤ ከታጠበም በኋላ ጥላ ውስጥ ይድረቅ።