ዋስትና የተጠየቀባቸው አምፖሎች

በምሠራበት የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር የዋስትና ጥያቄ አዲስ ነገር አይደለም፤ አንድ ጡረተኛ መምህር በፌስታል ሞልተው ያመጧቸው የተቃጠሉ ኤልኢዲ አምፖሎች ግን የመደብሩን ባለቤትም እኔንም ግራ አጋብተውን ነበር። ሁሉም ባለ 15 ዋት ሲሆኑ፣ ሁሉም ከእኛው መደብር የተገዙ ናቸው። በካርቶናቸው ላይ ለ25,000 ሰዓት እንደሚያገለግሉ ተጽፏል። በቀን 5 ሰዓት ቢበሩ ከ13 ዓመት በላይ ሊቆዩ ይገባቸው ነበር ለማለት አፌን ስከፍት፣ «ልጄ፣ እኔ ሒሳብ ሳስተምር ነው የኖርኩት፤ ይህቺን ስሌት ቤቴ ሠርቻት ነው የመጣሁት» አሉኝ። አምፖሎቹ የተገዙበት ደረሰኝ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላውም።

ከዚያው ካርቶን ለሌሎች ደንበኞች የሸጥናቸው አምፖሎች አልተመለሱም። ስለዚህ ዕቃው ብልሹ ነው ብሎ መደምደም አልተቻለም፤ ደንበኛው አበላሽተውታል ብሎ መመለስም ነውር ነው። የመደብሩ ባለቤት ቤታቸው ድረስ ሄጄ እንዳይ ላከኝ። ከመሄዴ በፊት አንዱን አምፖል ፈታሁት። ነጩ የፕላስቲክ አካሉ ከውስጥ በኩል ወደ ቡናማ ተለውጧል፤ በውስጡ ያለችው ትንሽዬ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክን ለአፍታ የምታጠራቅመው ክፍል) አናቷ አብጧል፤ በሰሌዳው ላይ ከተደረደሩት ብርሃን ሰጪ ነጠብጣቦች መካከል አንዷ መሐሏ ላይ ጠቁራለች። ነጠብጣቦቹ በተከታታይ ስለሚያያዙ አንዷ ስትቃጠል የቀሩት ደህና ቢሆኑም አምፖሉ አይበራም። ይህን ምልክት ያየ ቴክኒሻን ሙቀትን መጠርጠሩ አይቀርም።

ቤታቸው ኮንዶሚኒየም ነው። ባለፈው ዓመት ኮርኒሱን በጂብሰም አሠርተው፣ ቀድሞ ራቁታቸውን ተንጠልጥለው የነበሩትን አምፖሎች ከኮርኒሱ ጋር በተለጠፉ፣ ዙሪያቸውን በጎማ በታሸጉ ክብ የመስታወት ሽፋኖች ውስጥ አስገብተዋቸዋል። ሽፋኖቹ ያምራሉ፤ ትንኝም አቧራም አያስገቡም። ችግሩ አየርም አለማስገባታቸው ነው። የጥንቱ ባለ ክር አምፖል እንዲህ ባለ ሽፋን ውስጥ ችሎ ይኖር ነበር፤ ክሩ ራሱ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ግሎ የሚያበራ ስለሆነና በውስጡ የሚበላሽ ኤሌክትሮኒክስ ስለሌለው የሽፋኑ ሙቀት ብዙም አያሳስበውም። ኤልኢዲ ግን ከሚወስደው ኃይል ገና ብዙውን ክፍል ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ያም ሙቀት በአካሉ በኩል ወደ ዙሪያው አየር ካልወጣ ካፓሲተሯን ያደርቃታል። በሙያው ሰዎች ዘንድ የታወቀው ግምት፣ የካፓሲተር ዕድሜ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር በግማሽ ያህል ይቀንሳል የሚል ነው። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የሰዓት ብዛት ደግሞ አምፖሉ በልከኛ ሙቀት፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ይሠራል ከሚል ግምት የተነሣ ነው። ከእኛ ከተገዙት መካከል ያልተቃጠሉትን ስቆጥር ሁሉም በክፍት ሆልደር ላይ የነበሩ ሆነው ተገኙ፤ የመታጠቢያ ቤቱ፣ የኮሪደሩና የበረንዳው።

ባለ 15 ዋቱን ለምን እንደመረጡ ስጠይቃቸው የሰጡኝ መልስ ከብዙ ደንበኞች የምሰማው ነው። ከዚያ በፊት የነበሯቸው ጥምዝምዝ ኃይል ቆጣቢ አምፖሎች ባለ 15 ዋት ስለነበሩ፣ ቁጥሩን አይተው ያንኑ ገዙ። ነገር ግን ዋት የሚነግረን አምፖሉ ምን ያህል ኃይል እንደሚበላ እንጂ ምን ያህል እንደሚያበራ አይደለም፤ የብርሃኑ መጠን በካርቶኑ ጎን ላይ በሉመን ይጻፋል። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል 800 ሉመን ያህል ይሰጥ ነበር። ያንኑ ብርሃን ጥምዝምዙ አምፖል በ14 ወይም በ15 ዋት፣ ኤልኢዲው ደግሞ በ9 ዋት ገደማ ያደርሰዋል። ስለዚህ መምህሩ 15ን በ15 ሲተኩ አንድ ዋት እንኳ አለማትረፋቸው ብቻ ሳይሆን፣ በማያስፈልጋቸው ብርሃን ምክንያት በታሸገው ሽፋን ውስጥ ያለውን ሙቀት አበዙት። ባለቤታቸውም ሳሎኑ «ዓይን ይወጋል» ሲሉ የከረሙት በዚሁ ነገር ነበር።

እግረ መንገዴን የኤሌክትሪክ ክፍያው ለምን አልቀነሰም የሚለውን አብረን አሰብን። ስምንት ባለ 15 ዋት አምፖሎች በቀን 5 ሰዓት ቢበሩ በወር 18 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃሉ፤ በባለ 9 ዋት ቢተኩ 11 ገደማ ይሆናል። ወጥ ቤቱ ጥግ ላይ ያለው የእንጀራ ምጣድ ግን ባለ 3,500 ዋት ነው፤ ለሁለት ሰዓት ሲጋገርበት ብቻውን 7 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ ማለትም አምፖሎቹን ሁሉ በመቀየር በወር የሚተርፈውን በአንድ ጋገራ ያስመልሰዋል። መምህሩ ይህን ሲሰሙ ወደ ባለቤታቸው ዞር ብለው ዝም አሉ፤ እኔም ከዚህ በላይ መናገር ተገቢ መስሎ አልታየኝም። የሆነ ሆኖ የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በየእርከኑ ከፍ ስለሚል፣ ሰባት ኪሎዋት ሰዓትም ቢሆን አይናቅም። የድሮውን ባለ ክር አምፖል ዛሬም ለሚያበራ ቤት ደግሞ ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ ከ60 ዋት ወደ 9 ዋት መውረድ ማለት ከመብራት ፍጆታው ከመቶ 85 እጅ መቀነስ ነው።

ወጥ ቤት ውስጥ ሌላ ቅሬታ ጠበቀኝ። የመምህሩ ባለቤት፣ አዲሱ መብራት ከገባ ወዲህ የበርበሬው መልክ እንዳስጠላቸው፣ በመስኮት ብርሃን ሲያዩት ግን ደህና እንደሆነ ነገሩኝ። እዚያ ላይ ያለው አምፖል ከእኛ መደብር የተገዛ አልነበረም፤ ከመንገድ ዳር የተገዛ ርካሽ አምፖል ሆኖ፣ ሲአርአይ የሚባለው የቀለም ታማኝነት ልክ በካርቶኑ ላይ አልተጻፈበትም። ይህ ልክ ከ100 የሚሰጥ ሲሆን፣ ለቤት ቢያንስ 80፣ ለወጥ ቤት 90 ቢሆን ይመረጣል፤ ዝቅተኛ ከሆነ ከሁሉ በፊት የሚደበዝዘው ቀዩ ቀለም ነው። ነጭና ቢጫ የምንለው ልዩነት ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም። ያ በኬልቪን የሚለካ ነው፤ 2,700 እና 3,000 ቢጫማ፣ 4,000 መካከለኛ፣ 6,500 ሰማያዊ የሚቀላቅል ነጭ ነው። በእኛ ከተማ ነጩ የበለጠ ያበራል ተብሎ ስለሚታመን መኝታ ቤት ሳይቀር 6,500 ይሰቀላል፤ እኔ በበኩሌ ለመኝታ ቤት አልመክረውም።

ልወጣ ስል መምህሩ ወደ ኮሪደሩ ጠቆሙኝ። ማጥፊያው ተጭኖም አምፖሉ እንደ ሞተ ፍም ደብዘዝ ብሎ ይታያል፤ የድሮው ጥምዝምዝ አምፖል ደግሞ ሌሊት ሌሊት ብልጭ ይል እንደነበር አስታወሱ። ማጥፊያውን አጥፍቼ የሆልደሩን መሐል በቴስተር ስነካው ቴስተሩ በራ። ማጥፊያው የሚቆርጠው ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን ሽቦ (ፌዙን) ሳይሆን መመለሻውን (ኒውትራሉን) ነበር ማለት ነው። ሽቦዎቹ የተቀያየሩት ኮርኒሱ ሲሠራ ነው ብዬ እንዳልደመድም፣ የብልጭታው ነገር ከኮርኒሱ በፊት የነበረ መሆኑ ስሕተቱ ከመጀመሪያው ግንባታ እንደመጣ ያሳያል። ኤልኢዲ እጅግ ጥቂት በሆነ ፍንጣቂ ኤሌክትሪክ እንኳ ደብዘዝ ብሎ ስለሚበራ ነው ችግሩ አሁን ጎልቶ የታየው። አምፖሉ ጥፋት የለበትም፤ ይልቁንስ ማጥፊያውን አጥፍቶ አምፖል ሊቀይር መሰላል ላይ የሚወጣ ሰው ሊመታ እንደሚችል አጋለጠ። ብሬከሩን ጥዬ፣ ፌዙ በማጥፊያው በኩል እንዲያልፍ ሁለቱን ሽቦዎች አቀያየርኳቸው፤ ደብዛዛው ብርሃንም ጠፋ።

ወደ መደብሩ ተመልሼ ለባለቤቱ ያየሁትን ስነግረው ካርቶኑን አንሥቶ በመነጽር መረመረው። ከሥር፣ ከጤፍ ቅንጣት በማይበልጥ ፊደል በእንግሊዝኛ፣ አምፖሉ ሙሉ በሙሉ በተዘጋ ሽፋን ውስጥ እንዳይገባ ተጽፏል። በወረቀት ከሄድን ዋስትናው አይሠራም። ባለቤቱ ግን ሻጩ ይህን ሳይናገር የሸጠውን ዕቃ በጽሑፉ ማምለጥ አይገባም ብሎ፣ ግማሹን አምፖል ያለ ክፍያ፣ የቀረውን በመግዣው ዋጋ፣ ለዝግ ሽፋን ይሆናል ተብሎ በተጻፈበት ባለ 8 ዋት፣ 3,000 ኬልቪን አምፖል ተካላቸው። ለወጥ ቤቱ ባለ 90 ሲአርአዩን በራሳቸው ገንዘብ ገዙ።

አሁን ሻጮቻችን አምፖል ለሚጠይቅ ሰው ከዋት አስቀድመው የሚገባበት ቦታ ክፍት ይሁን ዝግ ይጠይቁታል። አብዛኛው ደንበኛ ኮርኒሱን ቀና ብሎ አይቶት ስለማያውቅ መልሱ ይጠፋዋል፤ ስለዚህ ቤት ካለ ሰው ፎቶውን በቴሌግራም አስልኮ አብረን አይተነው ነው የምንሸጥለት።