ሁለት 14 ቁጥር

መራዊ አጠገብ፣ በቆጋ መስኖ የሚለማ የበጋ ስንዴ ማሳ ላይ 24 የአፈር ርጥበት ሴንሰሮች ተክለን ነበር። መረጃውን በሬዲዮ እየተቀባበሉ፣ የሁሉንም ሰብስቦ ለእኛ የሚልከው ዕቃ (ጌትዌዩ) ጋ ያደርሳሉ። ገበሬዎቹም ውሃ የሚለቁት ያንን ልኬት አይተው ነው።

የካቲት ላይ አንድ የማሳ ባለቤት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ስንዴው ጠውልጓል። ያንተ ዕቃ ግን መሬቱ ርጥብ ነው ይላል» አሉኝ። ሄድኩ። ጋሼ ቀዩን አፈር ቆፈር አድርገው ጨበጡት። እንደ ዱቄት በጣቶቻቸው መሃል ፈሰሰ።

ባትሪ ነው ብዬ ባትሪ ስቀይር ግማሽ ቀን አለፈ። ማታ መረጃው የሚሄድበትን መንገድ ስናይ 17 ሴንሰሮች በ9 ቁጥር በኩል ያልፋሉ። 9 ቁጥር ደግሞ ከጌትዌዩ ከሁሉም የራቀው ነው። «ቅርቡ እኔ ነኝ» እያለ የሌሎቹን መረጃ ወደ ራሱ ይስብ ነበር። ሲንክሆል የሚሉት ጥቃት ይኸው ነው። በማግስቱ ሳጥኑን ስናየው ከአራቱ ብሎኖች አንዱ ሌላ ዓይነት ነው። ጥር መጨረሻ ላይ ሁለት ቀን ጠፍቶ በራሱ ተመልሶ ነበር። እኛ ተመለሰ ብለን ደስ አለን እንጂ ለምን ጠፋ አላልንም።

ነቀልነው፤ ከዝርዝሩም ሰረዝነው። ያለቀ መስሎኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ግን ሁለት 14 ቁጥር መጣ። የመልዕክቱ ተራ ቁጥር 310 ይልና 52 ይላል፤ ደግሞ 311፣ ከዚያ 53። አንድ ዕቃ እንደዚያ አይቆጥርም፤ በ14 ቁጥር ስም የሚልክ ሌላ ዕቃ አለ ማለት ነው።

መረጃውን በምስጢር ቁልፍ የሚቆልፈው ኢንክሪፕሽን ኤኢኤስ 128 የሚባለው ነው፤ እሱን የሰበረው የለም። ግን ሥራ ይቀላል ብዬ 24ቱንም በአንድ ቁልፍ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ። ከአንዱ ሆድ ቁልፉን ያወጣ ሰው የሁሉንም አገኘ። በእሱ በኩል የሚያልፈውን ከፍቶ፣ ቀይሮ፣ መልሶ ይቆልፈዋል።

አዲስ ቁልፍ በሬዲዮ ልልክ ስል ባልደረባዬ አስቆመችኝ። «በአሮጌው ቆልፈህ ልትልከው ነው? መጀመሪያ የሚያነበው እኮ ሌባው ነው።» እውነቷን ነው። የቀሩትንም ሁሉ በእግር ዞረን ሰበሰብን። ሶፍትዌሩን አጥፍተን በኬብል አዲስ ጫንን፣ ለየአንዳንዱ የራሱን ቁልፍ ሰጠን፣ የፕሮግራም መጫኛውን ዘጋን።

ከባዱ መረጃው ነበር። ችግሩን ካየንበት ቀን ሳይሆን 9 ቁጥር ከጠፋበት ቀን ጀምሮ ያለውን በሙሉ «አይታመንም» ብለን ለየነው። የሳምንታት ልፋት ነው፤ አንገበገበኝ። ግን በዚያ ቁጥር የሰው ስንዴ ውሃ ተከልክሏል። መልሰን ስንተክል ከየሴንሰሩ ሥር አፈር ወስደን መዘንን፣ በ105 ዲግሪ 24 ሰዓት አድርቀን ደግመን መዘንን። ልኬቱ ከሚዛኑ ጋር የገጠመው ብቻ ሥራ ጀመረ።

አሁን ሴንሰር ለሰዓታት ጠፍቶ ከተመለሰ፣ ሰው ሄዶ ብሎኖቹን ሳያይ መረጃውን አንቀበልም። ጋሼም ውሃ ከመክፈታቸው በፊት አፈሩን ጨብጠው ይደውላሉ። ያሉትን ከልኬቱ ጎን እንጽፈዋለን።