በ240 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሮጦ 52 ሜትር ብቻ የሚወጣ ባቡር

በተለመደው አሠራር ሮለር ኮስተር የሚባለው የመዝናኛ ፓርክ ባቡር የራሱ ሞተር የለውም። ሰንሰለት አቀበቱን ቀስ አድርጎ ያስወጣዋል፤ የቀረውን ጉዞ የሚያስጨርሰው የመሬት ስበት ነው። ከጎሃ ኮረብታ ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተሩን አጥፍቶ የሚወርድ የጎንደር ባጃጅ ሹፌር በዚሁ ፊዚክስ ይጠቀማል። ተወንጫፊው የብረት ሮለር ኮስተር ግን ያንን የመጀመሪያ አቀበት ትቶ፣ ለጉዞው የሚያስፈልገውን ጉልበት በቀጥተኛ ሐዲድ ላይ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይቀበላል።

ፊዚክስ የማስተምራቸው ተማሪዎች አቡ ዳቢ ውስጥ በያስ ደሴት በሚገኘው ፌራሪ ወርልድ ያለውን ፎርሙላ ሮሳን በስልክ አሳዩኝ። እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተው ይህ ባቡር በአምስት ሰከንድ ገደማ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። አንዷ ተማሪ፣ «ቲቸር፣ ይህን ያህል ከሮጠ ስንት ሜትር ሽቅብ ይወጣል?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄው ከቪዲዮው ይበልጥ ስለማረከኝ የዕለቱን ትምህርት አቁመን በሰሌዳ ላይ አሰላነው። ፍጥነቱ በሰከንድ 66.7 ሜትር ያህል ነው፤ ይህ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ ለስበት ሽምጠት (ስበት የሚወድቅን ነገር ፍጥነት በየሰከንዱ ለሚጨምርበት መጠን) እጥፍ ሲካፈል 227 ሜትር ገደማ ይመጣል። የባቡሩ ከፍተኛው ቦታ ግን 52 ሜትር ብቻ ነው። ክፍሉ በሙሉ ስሌቱ ተሳስቷል አለ።

ስሌቱ ትክክል መሆኑን ለማሳየት ሌሎች ሁለት ባቡሮችን አመጣሁ። በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በሲዳር ፖይንት እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተው ቶፕ ትሪል ድራግስተር በሰዓት 193 ኪሎ ሜትር ተወንጭፎ 128 ሜትር ይወጣ ነበር፤ በስሌቱ 147 ሜትር ያህል መውጣት ይችላል። በኒው ጀርሲ የነበረው ኪንግዳ ካ ደግሞ በ206 ኪሎ ሜትር ተነሥቶ 139 ሜትር ይወጣ ነበር፤ ስሌቱ የሚሰጠው 167 ሜትር ነው። ልዩነቱን የሚበሉት ሰበቃና አየር ናቸው። ትርፉ ጠባብ በመሆኑም ነፋስ ሲከብድ ወይም ማስወንጨፊያው ትንሽ ሲደክም ባቡሩ ጫፉን ሳያልፍ ወደ ኋላ ይመለስ ነበር። መሐንዲሶቹ ይህንን አስቀድመው ስላሰቡበት፣ ባቡሩ ሲነሣ ዝቅ ያሉት የፍሬን ሳህኖች ካለፈ በኋላ ተመልሰው ከፍ ይላሉ፤ ሳህኑና ኤሌክትሪክ የማይፈልገው ቋሚ ማግኔት ሳይነካኩ ባቡሩን ያዘገዩታል። መብራት ቢጠፋም ማግኔቱ ሥራውን አያቆምም፤ ይህ ለእኛ ከተማ ሰው በቀላሉ የሚገባ ብልሃት ነው።

ታዲያ ፎርሙላ ሮሳ ያንን ሁሉ ጉልበት ምን ያደርግበታል? ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው ሐዲዱ ላይ፣ ለመሬት በቀረቡ ኩርባዎች፣ አብዛኛውን ለአየር ይከፍላል። የአየር ግፊያ በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ በ240 የሚገጥመው ተቃውሞ በ120 ከሚገጥመው አራት እጥፍ ነው፤ ተሳፋሪዎች መነጽር የሚያደርጉትም በዚያ ፍጥነት አሸዋና ነፍሳት ዓይን ስለሚጎዱ ነው። (ባቡሩ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው ጎንደር ቢተከል፣ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ኪሳራው ይቀንስ ነበር።) በእኔ አስተያየት ይህ ብክነት ነው፤ ፍጥነቱን ወደ ከፍታ የሚለውጠው ኪንግዳ ካ የበለጠ ያስደስተኛል። ያም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2025 በፈንጂ ፈርሷል።

የማስወንጨፊያው አሠራር ግን በሦስቱም አንድ ዓይነት ነበር። ፓምፖች ዘይት እየገፉ ናይትሮጂን ጋዝን በታንኮች ውስጥ ያምቃሉ፤ ጋዙ በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ ዘይቱ የሃይድሮሊክ ሞተሮችን ያዞራል፣ ሞተሮቹ ዊንቹን (ገመድ የሚጠቀልለውን ከበሮ)፣ ዊንቹም ባቡሩን የሚስበውን የብረት ገመድ። ጉልበቱ ቀስ ተብሎ ተጠራቅሞ በቅጽበት ስለሚወጣ ከኤሌክትሪክ መስመሩ በአንዴ ብዙ አይሳብም። አዳዲሶቹ በአብዛኛው በሐዲዱ ላይ በተደረደሩ ኤሌክትሮማግኔቶች ይወነጨፋሉ፤ ድራግስተርም ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2024 ሲከፈት ወደዚሁ ተዛውሯል።

ለቤት ሥራ የሰጠኋቸው የጃፓኑን ዶዶንፓን ነው፤ ምክንያቱም ሰውነት የሚሰማው ፍጥነትን ሳይሆን ሽምጠትን ነው። ፎርሙላ ሮሳ ሲነሣ ተሳፋሪውን የሚገፋው ከክብደቱ 1.4 ጊዜ ገደማ በሚሆን ኃይል ነው። በታመቀ አየር የሚወነጨፈው ዶዶንፓ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ከተሻሻለ በኋላ በ1.56 ሰከንድ 180 ኪሎ ሜትር ይደርስ ስለነበር ኃይሉ ከክብደቱ ከሦስት ጊዜ በላይ ነበር። ተሳፋሪዎች የአጥንት ስብራት እንደደረሰባቸው ከተገለጸ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራውን አቆመ፤ በ2024ም ለዘለቄታው መዘጋቱ ታወቀ።