ሽሮ ሜዳ፣ ሸማኔው ዘንድ

ዛሬ ለእህቴ ሰርግ ያዘዝነውን ነጠላ ለማየት ሽሮ ሜዳ ሄድኩ። ሸማኔው «ጥለቱ ነው የቀረው፣ ቁጭ በይ» አሉኝ።

እኔ እጃቸውን ነበር የማየው። ጉዱ ያለው ግን እግራቸው ጋ ነው። ባዶ እግራቸውን ከሽመና ዕቃው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ አስገብተው፣ ድሩን የሚከፍቱትን ገመዶች በእግር ጣቶቻቸው መሃል ይዘዋል። አንዱን ሲጫኑት ድሩ ይከፈታል፣ ማጉን የያዘው መወርወሪያ በመሃሉ ሽው ይላል። ጥለቱ ላይ ሲደርሱ ፍጥነቱ ቀረ። ክሩን በጣታቸው እየቆጠሩ፣ ቀለም በቀለም።

«የት ተማሩት ጋሼ?» አልኳቸው። ሳቁ። ጋሞ ውስጥ፣ ዶርዜ፣ አባታቸው ሥር። መጀመሪያ ልጁ ቀሰም ላይ (መወርወሪያው ውስጥ የሚገባው ትንሽ የክር መጠቅለያ) ማግ ያጠነጥናል፤ ሽመናው የሚመጣው እግሩ ገመዱ ጋ ሲደርስ ነው። (እናታቸው ፈታይ ነበሩ። እዚያ መፍተል የሴት፣ ሽመና የወንድ ነው።)

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ዛሬ ስድቡ ቀንሷል መሰለኝ፤ የዋጋ ክርክሩ ግን አለ። አንዷ ገበያተኛ የታተመ ጥለት በስልኳ አሳይታ «ይኼ እኮ በግማሽ ዋጋ ነው» አለቻቸው። ቀና እንኳ አላሉም።

ለመስከረም ልብስ የምታሠሩ ካላችሁ ቶሎ እዘዙ። መስቀል ሲደርስ ብዙዎቹ ሸማኔዎች አገራቸው ይገባሉ።