በማክሰኝት ጎርፍ የሚቀዱ ሰው

ጎንደር የደረስኩት በሐምሌ 2006 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ፣ በዶፍ ዝናብ ነው። አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ የተነሣው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነበር። መንገዱን ሁሉ አልተርክም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የወረድንበትን ግን ማለፍ አልችልም። ከላይ ከቀዘቀዘ ላቫ የሆነው ጥቁሩ ባዛልት፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋዩ፣ ቀጥሎ ጂፕሰሙ፣ ከታች ቀላ ያለው የአሸዋ ድንጋይ፤ ለ23 ዓመት በወረቀት ላይ በቀለማቸው ብቻ የማውቃቸው ድንጋዮች እንደ እንጀራ ተደራርበው በመስኮቴ አለፉ። አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት “እትዬ፣ ወደ ታች አይመልከቱ፣ ያዞርዎታል” ብላ ግማሽ ሎሚ አስጨበጠችኝ። ሎሚውን እያሸተትኩ ማየቴን ቀጠልኩ።

ሥራዬ የጂኦሎጂ ካርታ መጠበቅ ነው። በእኔ ክፍል ያለ ፊርማ አንድም ካርታ አይወጣም፤ የወጣውም በቀኑ ካልተመለሰ እንቅልፍ አይወስደኝም። አሸንጌ፣ አይባ፣ አላጄ፣ ተርማበር የሚባሉትን የባዛልት ዓይነቶች እንደ ልጆቼ ስም እጠራቸዋለሁ፤ ሁሉም ስማቸውን ያገኙት ከገዛ አገራችን ቦታዎች ነው። ወደ ጎንደር ያመጣኝ በአፈርና ውኃ ጥበቃ ምርምር የመስክ ቴክኒሻን የሆነው የእህቴ ልጅ ነው። “አክስቴ፣ ካርታውን እንጂ አገሩን መች አየሽው?” እያለ ሁለት ዓመት ወተወተኝ።

ባጃጁ ከመናኸሪያ እስከ ፒያሳ 60 ብር አስከፈለኝ። በማግሥቱ ያንኑ መንገድ ከሌሎች ተሳፋሪዎች ጋር በ3 ብር ሄድኩት። ዝናብ ላይ የቆመችን ሴት አይቶ ዋጋ መስቀል በጣም ያስከፋኛል፤ እስከ ዛሬም አልረሳሁትም።

ሆቴሉ 180 ብር ነበር። ስሙን አልጽፍም። አንሶላው ንጹሕ ነው፤ ቧንቧው ግን ሲከፈት ትንፋሽ ብቻ ነው የሚወጣው። መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ግማሽ ድረስ የተሞላ ቢጫ ጀሪካን ቆሟል። ውጭ ሰማዩ ተቀዶ ይዘንባል፣ ውስጥ ፊቴን የምታጠብበት ውኃ የለም! ወደ ታች ወርጄ ጮህኩ። አንድ ጋቢ የለበሱ አረጋዊ ጥበቃ ሳይቆጡ አዳመጡኝና ከኩሽና በማንቆርቆሪያ የሞቀ ውኃ አመጡልኝ። “እናቴ፣ ውኃ ከጠፋ አራተኛ ቀኑ ነው። አንገረብን ደለል በላው” አሉኝ። አንገረብ ከተማዋ የምትጠጣው ግድብ ነው። ከዙሪያው ኮረብታ ጎርፍ ይዞት የሚወርደው አፈር ከሥሩ እየተኛ የውኃውን ቦታ ወስዶበታል። ሽማግሌው ይህን የተናገሩት ሰው የዘመዱን ሕመም እንደሚናገር ነው። በጩኸቴ አፈርኩ።

ጠዋት ፋሲል ግቢ ገባሁ። አስጎብኚው ስለ ነገሥታቱ ጥሩ አድርጎ ነገረኝ፤ ዓይኔ ግን ግድግዳው ላይ ነበር። ግንቡ የዚያው አገር ባዛልት ነው፣ በኖራ የተያያዘ። በመስኮቱና በበሩ ቅስት ዙሪያ ያለው ቀላ ያለ ድንጋይ ደግሞ ከጠጠረ የእሳተ ገሞራ አመድ የወጣ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ላቫ ከ1628 ዓ.ም. ጀምሮ የነገሥታት ቤት ሆነ። ይኸው ባዛልት ነው ሜዳ ላይ ተፈርፍሮ ጥቁሩን አፈር የሚሆነው፤ አንገረብ ውስጥ የተኛውም እሱው ነው። እጄን ድንጋዩ ላይ አሳርፌ ብዙ ቆየሁ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስደርስ የጣሪያውን መላእክት ከማየቴ በፊት በቅጽሩ ውስጥ ያሉትን ጽዶችና ወይራዎች ዞርኳቸው። ተራራው ሁሉ በባሕር ዛፍ ሲለብስ የአገሩ ዛፍ የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ነው። የደን ተመራማሪዎችም ዘርና መረጃ ፍለጋ ወደ ደብርና ወደ ገዳም የሚሄዱት ለዚህ ነው።

የእህቴ ልጅ የሚሠራባት ማክሰኝት ከጎንደር በባሕር ዳር መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ከማክሰኝት ከተማ ተነሥተን በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ሄድን። ዋልካውን፣ ያንን ጥቁር የሸክላ አፈር፣ እንደ እኔ ደሴ ያደገ ሰው አያውቀውም። የእኛ አገር ጭቃ ያንሸራትታል፤ ይህ ግን እግርን ይዞ አይለቅም። በየአሥር እርምጃው ጫማዬን በዱላ እየፋቅሁ “ይህ አፈር እንዲህ የሚጣበቅ ከሆነ ማን ነቅሎ ወሰደው?” አልኩ። የእህቴ ልጅ መልስ ሳይሰጠኝ ወደ አንድ ቦረቦር ጠርዝ ወሰደኝ። ሁለት ሰው ቢደራረብ የማይሞላው ገደል ነው፤ አፉ ላይ የሽምብራ ማሳ ግማሹ ተቆርጦ ቀርቷል። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ውኃው በስንጥቁ ሾልኮ ከሥር ይቦረቡረውና ላይኛው ይናዳል። ገበሬዎቹ በሽቦ የታሰረ የድንጋይ ክትር ሠርተውበታል፤ ከክትሩ ጀርባ የተያዘው አፈር ላይ ሣር በቅሏል።

የጉማራ ማክሰኝት ተፋሰስ 54 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። እኔ በምጠብቀው ካርታ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር 2.5 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ይህ ሁሉ አገር በሦስት ጣቶቼ ይሸፈናል። የጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከል ከኢካርዳ (ዓለም አቀፉ የደረቅ አካባቢዎች ግብርና ምርምር ማዕከል) እና ከኦስትሪያ ተመራማሪዎች ጋር ያኔ እዚህ ይሠራው የነበረው ሥራ ለመናገር ቀላል ነው። ጎን ለጎን ካሉ ሁለት ትናንሽ ሸለቆዎች አንደኛው የድንጋይ እርከን ተሠራለት፣ ሌላው እንዳለ ቀረ። ከሁለቱም መውጫ ላይ ውኃው የሚለካበት የሲሚንቶ ግንብ ቆመ። የቀረው መጠበቅ ነው።

የሚጠብቁት ደግሞ አያ ናቸው። ሁሉም “አያ” ይላቸዋል፤ ስድሳ ያለፋቸው ገበሬ ናቸው። ጎርፉ ሲመጣ የውኃውን ከፍታ በዘንጉ ላይ ያነባሉ፤ ውኃው መልኩን ከለወጠበት ጊዜ ጀምሮ በየጥቂት ደቂቃው አንድ ሊትር በጠርሙስ ይቀዳሉ፤ ሰዓቱን ይጽፋሉ። በኋላ ውኃው ተጣርቶ፣ አፈሩ ደርቆ ይመዘናል። “ሌሊት ሲሆንስ?” ብዬ ጠየቅኋቸው።

“ጎርፍ ሌሊት ቀን አይልም፣ እትዬ። መብረቁ ሲጀምር ባትሪዬን ይዤ እወጣለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ‘ለውኃ ነው እንዴ የምትሞተው?’ ትለኝ ነበር። አሁን እሷ ናት የምትቀሰቅሰኝ።”

ማንበብና መጻፍ የተማሩት በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ደብተራቸውን አሳዩኝ። በእርሳስ የተጻፈ፣ ቁጥሮቹ እንደ ተማሪ ጽሕፈት የተስተካከሉ። አንድም ሥርዝ አላየሁበትም።

ዕድል ሆኖ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ዘነበ። አያ ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ሲሮጡ እኔም በጃንጥላ ተከተልኳቸው። እርከን ባለው ሸለቆ መውጫ የተቀዳው ውኃ ስስ ሻይ ይመስላል፤ ከሌላኛው የእህቴ ልጅ ይዞት የመጣው ግን የቡና አተላ ነው። ሁለቱን ጠርሙሶች ጎን ለጎን ድንጋይ ላይ ሳያቸው አለቀስኩ። የዓመታት መረጃ በአንድ ዝናብ አይተካም፤ የእህቴ ልጅም ይህን ደጋግሞ ነገረኝ። የሆነ ሆኖ የሚታየውን አይቻለሁ።

ማታ የአያ ባለቤት ጫማዬን በእሳት ዳር አድርቀው፣ ሽሮ በትኩስ እንጀራ አበሉኝ። ገንዘብ ለመስጠት ብሞክር ተቀየሙኝ። ዘዴው ከየት እንደመጣ የሰማሁትም እዚያው ምድጃ ዳር ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ የአፈር ጥበቃ ምርምር ሲጀምሩ የመጀመሪያው ጣቢያ ማይባር ነበር። ማይባር! የእኛው ወሎ፣ ልጅ ሆኜ ዘመድ ጥየቃ ስንሄድ ያለፍንበት አገር። ሰዎች ጎርፍ ዳር ጠርሙስ ይዘው ሲቆሙ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ወደ ጎንደር በተመለስኩ ጠዋት ቁርስ ቤት ውስጥ ቦታ ጠፍቶ አንድ የደን ተመራማሪ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ከመተማ መመለሱ ነው፤ ቦርሳው ዕጣን ዕጣን ይሸታል። በመተማ ቆላ ያለው የዕጣን ዛፍ ሽማግሌው ቆሞ ልጅ የማያወጣ ሆኗል አለኝ። ችግኙን እሳትና ከብት ይጨርሱታል፤ ትልቁን ደግሞ ግንድ ሰርሳሪ ጢንዚዛ። እ.ኤ.አ. በ2011 የኢትዮጵያና የሆላንድ ተመራማሪዎች ይህ ከቀጠለ በ50 ዓመት ውስጥ የዛፉ ቁጥር በ90 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል አስልተዋል። “ያሰሉት ዛፍ ለዛፍ እየዞሩ፣ እየለኩ፣ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሰው እየለኩ ነው” አለኝ። በጭልጋ በኩል ስለሚያልፍ እኔ ደግሞ የማውቀውን ነገርኩት። ጭልጋ ላይ በባዛልቱ መካከል ባለው ደለል ውስጥ ከ27 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረ የሞቃት አገር ደን ቅጠል ታትሞ ይገኛል፤ የጥንት ዝሆኖች አጥንትም አለ። ፍርፍሩን ትቶ አዳመጠኝ። ቂጣ በማርም ጨምረን ሁለት ሰዓት ቆየን።

ለሰሜን ተራሮች 200 ብር ቀብድ ከፍዬ ነበር። ዋሊያ ማየት የልጅነት ምኞቴ ነው። አንድ ቀን ቀደም ብሎ ግን የእህቴ ልጅ የድሮ የዝናብ መዝገብ እንድጠይቅለት ወደ አንድ ቢሮ ላከኝ። ቢሮውን አልጠቅስም። መዝገቡ ኮሪደር ላይ፣ በማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ፣ ጣሪያው ከሚያፈስበት ሥር ነበር። የታችኞቹ ወረቀቶች ተጣብቀዋል። የተቀመጠው ልጅ “በኮምፒውተር ገብቷል” አለኝ። የገባበትን አሳየኝ ስለው የሁለት ዓመቱ ብቻ ነው። እኔ ቤት ውስጥ ድመት እንኳ ቆጥቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ድምፄ ኮሪደሩን ሞላው። አያ በባዶ እግራቸው ሲሮጡ በዓይኔ አይቻለሁ! ሌላ ቦታ ሌላ ሰው እንዲሁ ሮጦ የጻፈው ነው ጆንያ ውስጥ የሚበሰብሰው።

ልጁ አልተጣላኝም። “ከመጣሁ ሦስት ወሬ ነው፣ እንዴት እንደሚደረግ የነገረኝ የለም” አለ። እውነቱን ነው። መታወቂያዬን አሳየሁት፤ ኃላፊውን አስፈቀደና አብረን ሠራን። ወረቀቶቹን በየጠረጴዛው ዘርግተን፣ የተጣበቀውን በቀስታ እየላጥን፣ በዓመተ ምሕረትና በወር ደረደርን። ፒያሳ ሄጄ 14 የፕላስቲክ ማኅደር ገዛሁ። ዋሊያዬም ቀብዴም በዚያው ቀሩ። ሁለት ቀን ፈጀብን።

ከወረቀቶቹ አንዱ ስም የሌለው የዝናብ መለኪያ ቅጽ ነው። ሌሎቹ መስመሮች ሁሉ ጠዋት 3 ሰዓት ይላሉ። አንዱ ላይ ለኪው ግን 4 ሰዓት ጽፎ በጠርዙ “ልጄ ታማብኝ ዘግይቻለሁ” ብሏል። ማንም ሳይጠይቀው፣ ለአንድ ሰዓት። ልጁን ጠርቼ አነበብኩለት፤ እሱም ተቀብሎኝ ደግሞ ለራሱ አነበበው።

ሁለተኛው ቀን ሲመሽ የሚቆለፍ የብረት ቁም ሣጥን ተገኘ። ማኅደሮቹን አስገባን። በአዲስ ደብተር ላይ ዝርዝሩን ጽፌ አስረካቢ በሚለው ሥር ፈረምኩ፤ ልጁም ተረካቢ በሚለው ሥር ፈረመና ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠለጠለው።