በእማዬ አርባ ቀን የጮኸው ደወል

ባለፈው ሳምንት አብሮ አደጌ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ድምፅ ላከችልኝ። «ሰው እንዴት ለእናቱ አርባ አይመጣም? ትኬቱ ተወድዶብሽ ነው?» ትላለች። ክፋት የላትም፣ አውቃታለሁ። ግን ሦስቴ ሰማሁት፤ ሦስቴም አለቀስኩ።

እህቴ፣ የትኬት ጉዳይ አይደለም። ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ሰው ሸሽቼዋለሁ ወዳለው አገር ከተመለሰ፣ ጥያቄውን እንደተወ ይቆጠርበታል። እማዬ ታኅሣሥ 12፣ በሚካኤል ዕለት አረፈች። አርባዋ ጥር 21 ዋለ፤ አስተርዮ ማርያም፣ እመቤታችን ያረፈችበት ቀን። ዕድሜዋን ሙሉ የማርያምን ጽዋ ሳታጓድል ለኖረች ሴት ከዚህ የበለጠ ቀን ከየት ይመጣል?

የምኖረው አሜሪካ፣ ፋርጎ፣ ሰሜን ዳኮታ ነው። የማስቀድሰው ሚኒያፖሊስ ነው፤ በመኪና ከሦስት ሰዓት በላይ ያስኬዳል። አባና የማኅበር እህቶቼ ሊመጡልኝ ቃል ገብተው ስለነበር ለሃያ ሰው የሚበቃ አዘጋጀሁ፤ ድፎው፣ ወጡ፣ ሽሮው። ሌሊቱን በረዶና ንፋስ ሲቀላቀል አደረና አውራ ጎዳናው ተዘጋ። አባ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ የክርስትና ስሟን ይዣለሁ፤ በቅዳሴው አነሳታለሁ። መንገዱ ግን እምቢ አለን።»

የማርያም ሥዕል ፊት ቆሜ፣ «እመቤቴ፣ የስንቱን ለቅሶ ስትደርስ ኖራ ለእሷ የሚቀመጥ ሰው ይጥፋ?» አልኳት። ጸሎት ይሁን ወቀሳ እኔም አላውቅም።

ከዚያ ቡናዬን አቀራረብኩ። ዕጣኑ እማዬ ራሷ በሰው የላከችልኝ ነው፤ የፌስታሉን ቋጠሮ በጥርሷ እየሳበች ነበር የምታጠብቀው። እልህ ይሁን ናፍቆት፣ አበዛሁት። ቤቱ በጭስ ሲሞላ መስኮቱ በረዶ ይዞት አልከፈት አለኝ። የኮሪደሩን በር ከፈትኩ። የሕንጻው ደወል በሙሉ ጮኸ።

ጎረቤቱ በፒጃማ፣ ሕፃናት በብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ ሁሉም ታች መግቢያው ጋ ተሰበሰበ። እኔ በጥቁር ልብሴ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ መሃላቸው ቆምኩ። እሳት አደጋዎቹ መጡ። አንዱ «ምንድን ነው የምታቃጥዪው?» ሲለኝ ለዕጣን የሚሆን እንግሊዝኛ ከአፌ ጠፋ። «ለእናቴ ነው» ብቻ አልኩት። ልጁ ማጨሻውን በጓንቱ ያዘ፤ ክንዱን ዘርግቶ፣ ፊቱን አዙሮ፣ እንደሚሸት ነገር በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አሳልፎ ውጭ በረዶው ላይ አስቀመጠው። ፍሙ ጭስስስ ብሎ ጠፋ። በአገር ቤት ካህን የሚያጥነውን፣ እማዬ ለሥዕሏ የምታጨሰውን። ስደት አዋረደኝ ካልኩባቸው ቀኖች ሁሉ ያ ይበልጣል።

ያን ጊዜ ጉልበቴ ከዳኝና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ የሚኖሩት አሮጊት አጠገቤ መጡ። ሁለት ዓመት «ሃይ» ስንባባል ስማቸውን አላውቅም ነበር። ጥቁሬን አይተው «ማን ሞቶብሽ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው፤ አርባዋ መሆኑን፣ ለሃያ ሰው አብስዬ ማንም እንዳልመጣ። ዞር ብለው ለቆሙት ሁሉ ተናገሩ።

መጡ። ጫማቸውን በር ላይ እያወለቁ፣ በካልሲያቸው፣ አሥራ ሰባት ሰው። እዚህ አገር ቀጠሮ ሳይዙ ሰው ቤት አይገባም፤ እኛ ደግሞ ሳንጠራ እንገባና ከለቅሶው ማን እንደቀረ እንቆጥራለን። ያን ቀን የቀረም የሚቆጥርም አልነበረም። ላይኛው ፎቅ ያለችው ሶማሌ እናት ምንም ማስረዳት አላስፈለጋትም። ሥጋውን ትታ ከዳቦውና ከሽሮው ወሰደች፤ ቀጥላ ረከቦቱ ጋ ተቀምጣ «አንቺ አልቅሺ፣ እኔ እቀዳለሁ» አለችኝ።

ጭስ ሲነካው የሚጮህ ዕቃ ነው የሚለኝ ይኖራል። ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ። ለእማዬ አርባ ቀን ሰው የጠራው ግን እግዚአብሔር ነው፤ መንገዱን ባይዘጋው ኖሮ የራሴን ሰዎች አብልቼ በሬን እዘጋ ነበር፣ ያቺን ሶማሌ እናትም እስከ ዛሬ አላውቃትም ነበር። መዋረዴን አልወደድኩትም፤ አሁንም ሳስበው ፊቴ ይግላል። ቢሆንም የለመንኩት ሰው የመጣው በዚያው በር ነው።

ከአገር ለመውጣት የተዘጋጃችሁ፣ ስለ ደመወዝና ስለ ቤት ኪራይ ከመጠየቃችሁ በፊት የእናታችሁን የክርስትና ስም ጽፋችሁ ያዙ። ስትሰናበቷት አትቸኩሉ፤ የጥገኝነት ኬዝ ዓመታት ይፈጃል፣ ሞት አይጠብቅም። የምትገቡበትን ሕንጻ ጎረቤት ሳትቸገሩ በፊት ስሙን ጠይቁት። ዕጣን ስታጨሱ ደግሞ የኮሪደሩን በር አትክፈቱ፤ ከቤታችሁ ያለው ደወል ብዙውን ጊዜ እናንተን ብቻ ነው የሚረብሸው፣ የኮሪደሩ ግን ሕንጻውን ሁሉ ያስወጣል።

ሰዉ ሲበተን አሮጊቷ ካፖርታቸውን ደርበው ወረዱ። ሲመለሱ ማጨሻውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል። በረዶውን በእጅጌያቸው ጠረጉና «የት ነበር ቦታው?» አሉኝ። የእማዬን ፎቶ አሳየኋቸው። እዚያው ሥር አስቀመጡት።