ከአይከል ቡና በኋላ ያጋጠመን

ከጎንደር በአዘዞ አድርጎ ወደ መተማ የሚወርድ ሾፌር አይከል ላይ ቡና ሳይጠጣ ማለፍ አይወድም። አይከል ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለቱና ሙቀቱ ይጠብቃል። ረዳቱ ጎማውን እየመታ ይፈትሻል፣ ሾፌሩ ጤና አዳም የገባበትን ቡናውን ይዞ ከታች ከሚመጡት ወሬ ይሰማል። የት ናዳ አለ፣ የት መኪና ተበላሽቶ ቆሟል፣ ሁሉም እዚያ ይነገራል። ለእኔ ከቡናው ወሬው ይበልጥብኛል።

አንድ ኅዳር ላይ ሲሚንቶ ጭነን ወደ ሸኸዲ ስንወርድ አንድ የነቀምት ልጅ የራሱን ተሳቢ እየነዳ አብሮን ነበር። ለመንገዱ አዲስ ነው፤ አነዳዱ ግን የሚያስመሰግን ነው። አይከል ስንደርስ «ጋሼ፣ እኔ ቀስ እያልኩ ልቅደም» ብሎኝ አለፈ።

አቦሉን እየጠጣሁ ከመተማ የመጣ ሾፌር ገባ። «ከነጋዴ ባሕር አለፍ ብሎ ክረምት የሸረሸረውን ቱቦ እየሠሩ ነው። በስተቀኝ ተለዋጭ መንገድ አለ። ሰሌዳው አይታይም፣ ተጠንቀቁ» አለን። ለልጁ ብደውል ስልኩ አይሠራም። ቶናውን ሳልጠብቅ ተነሳሁ።

ስደርስ ተሳቢው ገና በተሞላው አፈር ውስጥ እስከ ቸርኬው ሰጥሞ፣ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል። ልጁ ደህና ነው፣ ተመስገን።

ሰሌዳውን ሄጄ አየሁት። የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ነው፣ ድንጋይ ተደግፎ ቆሟል። በቀይ ቀለም፣ በእጅ ጽሑፍ «መንገዱ ስለተዘጋ በተለዋጭ መንገድ ይጠቀሙ» ይላል። ቀለሙ ተንጠባጥቦ ፊደሎቹን አያይዟቸዋል። ቀስት የለውም። ትንሽ ቀደም ብሎ ያለው ቋሚው የብረት ምልክት ግን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተጽፎበታል።

«አላየኸውም?» አልኩት።

«አይቼዋለሁ ጋሼ። አንብቤ ሳልጨርስ ግን ደረስኩበት።»

አማርኛውን እንደ እኛው ነው የሚናገረው። ትምህርቱን የተማረው ግን በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ነው። ዓይኑ ቶሎ የሚይዘው የላቲኑን ፊደል ነው። ብዙ ሰው ምልክት ላይ ያለው የላቲን ፊደል ለፈረንጅ ብቻ የተጻፈ ይመስለዋል። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በቁቤ የተማረው ትውልድ ግን ዛሬ ከባድ መኪና እየነዳ ከጫፍ ጫፍ ይሄዳል። የከተማውንም ስም የሚለየው ከታች ካለው ጽሑፍ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ደግሞ በሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ያንን የተንጠባጠበ ዓረፍተ ነገር በዚያ ፍጥነት ማን ያነበዋል? በአማርኛ የተማረውም አይጨርሰውም። ቋሚውን ምልክት በሁለት ቋንቋ ጽፎ፣ ሰው የሚያድነውን ጊዜያዊውን እንደነገሩ ማቆም ያናድደኛል።

ሲሚንቶውን ከረዳቶቹ ጋር አራገፍን። የሥራው ሎደር ሲመሽ ጎትቶ አወጣው።

ፎርማኑን አነጋገርኩት። ቅን ሰው ነው፣ ነገሩን ወዲያው ገባው። ቀለሙን አምጥቶ ለልጁ ሰጠው። ልጁም በሌላ ቁራጭ ላይ መጀመሪያ ትልቅ ቀስት ሣለ፣ ከሥሩ በአማርኛ «ተለዋጭ መንገድ» ብሎ፣ ቀጥሎ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ ጻፈበት። ሰሌዳውንም ከቦታው አንስተን የተጫነ መኪና ፍሬን ይዞ ለመታጠፍ ጊዜ እንዲያገኝ ከኩርባው በፊት ወዳለው ቀጥ ያለ መንገድ ወሰድነው። ለሚወጡትም በዚያኛው ጫፍ አንድ እንዲያቆሙ ፎርማኑ ሠራተኞቹን አዘዘ።